ጦር ኃይሎች ማንነቱ ያልታወቀ በራሪ አካልን እንዴት ይመረምራሉ?

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 የአሜሪካ ተዋጊ ጄቶች በሦስት ተከታታይ ቀናት ሦስት ነገሮችን ከሰማይ መትተው ጣሉ፤ አንዱን ከአላስካ ጠረፍ አጠገብ፣ አንዱን በካናዳ ዩኮን ግዛት፣ አንዱን ደግሞ ሂውሮን ሐይቅ ላይ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በዚያው ወር 4ኛ ቀን፣ አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር ያቋረጠ ግዙፍ የቻይና ፊኛ ደቡብ ካሮላይና ጠረፍ ላይ ተመቶ ወድቋል። ብዙ ሰው ሰማዩን በድንገት ምን ወረረው ብሎ ተደናገጠ። ማብራሪያው የመጣው የሰሜን አሜሪካን የአየር ክልል ከሚጠብቀው ኖራድ ከተባለው የአሜሪካና የካናዳ የጋራ ዕዝ ነበር። ሰማዩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የራዳሩ ማጣሪያ ነው።

ራዳር ሞገድ ልኮ የሚመለስለትን ይቀበላል። ሞገዱን የሚመልሰው ግን አውሮፕላን ብቻ አይደለም፤ የወፍ መንጋም፣ ዝናብም፣ ፊኛም ይመልሰዋል። ይህ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ቢወጣ ተቆጣጣሪው የሚፈልገውን ማየት አይችልም። ስለዚህ ሲስተሙ ከተወሰነ ፍጥነት በታች የሚንቀሳቀሰውን ነገር አጣርቶ ይጥለዋል። አየር መከላከያ የሚጠብቀው ቦምብ ጣይና ሚሳይል እንጂ ነፋስ የሚነዳውን ነገር አይደለምና። ከቻይናው ፊኛ በኋላ ማጣሪያው እንዲላላ ሲደረግ ትንንሽና ዝግተኛ ነገሮች መታየት ጀመሩ። ፕሬዚዳንት ባይደን ፌብሩዋሪ 16 ቀን እንደተናገሩት፣ የስለላ ተቋማቱ ሦስቱን ነገሮች የግል ኩባንያ፣ የመዝናኛ ወይም የምርምር ፊኛዎች ሳይሆኑ አይቀሩም ብለው ገምተዋል። የተመቱት እያንዳንዱ ከ400 ሺህ ዶላር በላይ በሚያወጣ ሚሳይል ነበር።

ጦር ኃይል ዩፎን (ማንነቱ ያልታወቀ በራሪ አካልን) የሚመረምርበትን መንገድ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። እኛ ሰማይ ላይ እንግዳ ነገር ስናይ "ከሌላ ዓለም የመጣ ይሆን?" ብለን እንጠይቃለን። ወታደሩ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ "የማን ነው? ይጎዳናል ወይ?" ይላል። አደጋ እንደሌለው ካመነ፣ ምንነቱ ባይታወቅም እንኳ መዝገቡን ሊዘጋው ይችላል። ላለፉት ሰባ እና ሰማንያ ዓመታት በመንግሥታትና በሕዝብ መካከል ለተፈጠረው አለመተማመን ትልቁ ምክንያት፣ በእኔ እምነት፣ የእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አለመገናኘት ነው።

የመጀመሪያዎቹ መዝገቦች

ጁን 24 ቀን 1947 ኬኔዝ አርኖልድ የተባለ አሜሪካዊ አብራሪ በዋሽንግተን ግዛት ሬኒየር ተራራ አጠገብ ሲበር ዘጠኝ የሚያብረቀርቁ ነገሮች ተከታትለው ሲያልፉ አየ። ፍጥነታቸውን ሲገምት በሰዓት ከ1,900 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነበት፤ በዚያን ጊዜ ይህን ያህል የሚፈጥን አውሮፕላን አልነበረም። ጋዜጦች "በራሪ ሳህን" የሚል ስም አወጡላቸው፤ በሳምንታት ውስጥም ከየአቅጣጫው ሪፖርት ጎረፈ።

ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። የጀርመን የሮኬትና የጄት ባለሙያዎች ግማሾቹ ወደ አሜሪካ፣ ግማሾቹ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተወስደዋል። ሶቪየቶች ምን እየሠሩ እንደሆነ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ የአሜሪካ ጦር ሪፖርቶቹን ዝም ብሎ ሊያልፋቸው አይችልም ነበር። በሴፕቴምበር 1947 ጄኔራል ናታን ትዋይኒንግ ለበላዮቻቸው በጻፉት ደብዳቤ፣ እየታየ ያለው ነገር እውነተኛ እንጂ ምናብ የፈጠረው አይደለም አሉ። ይህች ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ በየቦታው ትጠቀሳለች። የደብዳቤው ቀጣይ ክፍል ግን ብዙም አይነሳም። ጄኔራሉ ነገሩ እኛ የማናውቀው የራሳችን ምስጢራዊ ፕሮጀክት ሊሆን ይችላል፣ የሌላ አገር ሥራም ሊሆን ይችላል፣ ደግሞም ወድቆ የተገኘ አንድም ቁርጥራጭ የለም ብለው ነበር። ምርመራው ከዚያ በኋላ የተጓዘበት መንገድ ሁሉ በእነዚህ ሦስት ነጥቦች ውስጥ አለ።

በ1948 መጀመሪያ "ሳይን" የተባለው ፕሮጀክት በኦሃዮ ተጀመረ። በ1949 በ"ግራጅ" ተተካ፤ በ1952 ደግሞ "ብሉ ቡክ" ተባለ። ካፒቴን ኤድዋርድ ሩፔልት የመሩት የመጀመሪያው የብሉ ቡክ ዘመን ሥራው በቁም ነገር የተያዘበት ነበር፤ ዩፎ የሚለውን መጠሪያ በወታደራዊ ሥራ ላይ ያዋሉትም እሳቸው ናቸው።

ለዚህ ሥራ የሰው ሕይወትም ተከፍሏል። ጃንዋሪ 7 ቀን 1948 ካፒቴን ቶማስ ማንቴል ኬንታኪ ሰማይ ላይ የታየን ግዙፍ ብርማ ነገር ሲያሳድድ፣ ኦክስጅን ሳይዝ ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ ወጣ፤ አውሮፕላኑም ተከሰከሰ። አየር ኃይሉ፣ ማንቴል ያየው ቬነስ የተባለችውን ፕላኔት ነው አለ። ያ ማብራሪያ ማንንም አላሳመነም፤ ሊያሳምንም አይገባም ነበር። ዛሬ የብዙዎች ድምዳሜ ማንቴል ያሳደደው "ስካይሁክ" የተባለ የባሕር ኃይል የምርምር ፊኛ ነበር የሚል ነው። ፕሮጀክቱ በዚያን ጊዜ ምስጢር ስለነበረ ማንቴልም ሆነ የመሬት ላይ ተቆጣጣሪዎቹ ስለ ፊኛው የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

መልሱ ራሱ ምስጢር ሲሆን

የማንቴል ጉዳይ ብቻውን የቆመ አይደለም። በጁላይ 1947 በኒው ሜክሲኮ ሮዝዌል አካባቢ የተገኘው ስብርባሪ በመጀመሪያ "በራሪ ዲስክ" ተብሎ በጦር ሰፈሩ መግለጫ ወጣ፤ ወዲያው ደግሞ "የአየር ሁኔታ ፊኛ ነው" ተባለ። አየር ኃይሉ በ1994 ባወጣው ሪፖርት ስብርባሪው "ሞገል" ከተባለ ምስጢራዊ ፕሮጀክት የመጣ ሳይሆን እንደማይቀር ገለጸ። ሞገል በከፍተኛው የአየር ክፍል ላይ ተንሳፍፎ የሶቪየት የኒውክሌር ሙከራን የድምፅ ሞገድ ለማዳመጥ የታቀደ የፊኛዎች ሰንሰለት ነበር። ስለዚህ በ1947 የተሰጠው መልስ ግማሽ እውነት ነበር። ፊኛነቱ እውነት ነው፤ ዓላማው ተደብቋል። የቀረውን ግማሽ ለመስማት ሕዝቡ 47 ዓመት ጠበቀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ክፍተቱን ወሬ ቢሞላው ሕዝቡን መውቀስ ይከብደኛል።

ከዚህ የሚብሰው የዩ-2 የስለላ አውሮፕላን ታሪክ ነው። ዩ-2 መብረር የጀመረው በ1955 ሲሆን ከ18 ኪሎ ሜትር በላይ ይወጣ ነበር። የመንገደኛ አውሮፕላኖች በዚያን ጊዜ ከ6 ኪሎ ሜትር በታች ነበር የሚበሩት። ሲመሽ፣ ከታች ላለው አብራሪ ፀሐይ ጠልቃ ሰማዩ እየጨለመ ሳለ፣ በዚያ ከፍታ ያለው ዩ-2 ገና የፀሐይ ብርሃን ያገኘዋል። የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች ጥቁር ቀለም ሳይቀቡ በፊት ብርማ ስለነበሩ በጨለማው ሰማይ ላይ እሳት መስለው ይታያሉ። የመንገደኛ አውሮፕላን ካፒቴኖች ያዩትን ሪፖርት አደረጉ። የብሉ ቡክ መርማሪዎች የስለላ ድርጅቱን የሲአይኤን የበረራ መዝገብ ጠይቀው የታየው ዩ-2 እንደሆነ ያረጋግጣሉ፤ ለካፒቴኑ ግን ይህን መንገር ክልክል ነው። ስለዚህ የበረዶ ቅንጣት ነው፣ የአየር ሙቀት ያመጣው ክስተት ነው ተብሎ ይጻፍለታል።

እስቲ በካፒቴኑ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። በዓይናችሁ በግልጽ ያያችሁትን ነገር መንግሥት "በረዶ ነው" ይላችኋል። ሰውየው ያየውን በትክክል ነው ያየው። የሲአይኤ የታሪክ ጸሐፊ ጄራልድ ሄይንስ በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ከነበሩት የዩፎ ሪፖርቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከእነዚህ የስለላ በረራዎች ጋር የተያያዙ ናቸው ብለዋል። ቁጥሩን የማይቀበሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ለእኔም የተጋነነ ይመስለኛል። ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ግን፣ እያወቁ የተሳሳተ መልስ መስጠት ተቋሙን ተዓማኒነቱን እንዳሳጣው አያከራክርም።

ሶቪየቶችም ከዚህ የተለየ ነገር አላደረጉም። ሴፕቴምበር 20 ቀን 1977 በፔትሮዛቮድስክ ከተማ ሰማይ ላይ ጨረር የሚያዘንብ ግዙፍ ብርሃን ታየ። ምንጩ ከፕሌሴትስክ የተወነጨፈችው ኮስሞስ-955 ሳተላይት ነበረች፤ ሶቪየት ኅብረት ግን የፕሌሴትስክን የማስወንጨፊያ ጣቢያ መኖር ገና በይፋ አላመነችም ነበር። ከዚህ ክስተት በኋላ መከላከያውና የሳይንስ አካዳሚው በጋራ ምርመራ ጀምረው ከአሥር ዓመት በላይ ቀጠሉበት። ከተሰበሰቡት ሪፖርቶች አብዛኞቹ የሮኬት ማስወንጨፍና ከፍ ብለው የሚበሩ ፊኛዎች ሆነው ተገኙ።

ዋሽንግተን 1952

ብሉ ቡክ በ1952 ብቻ 1,501 ሪፖርቶች ደረሱት። በጁላይ ወር፣ በሁለት ተከታታይ የሳምንት መጨረሻ ሌሊቶች፣ የዋሽንግተን ናሽናል ኤርፖርት ራዳር ማንነታቸው ያልታወቁ ነጥቦች አሳየ፤ አንዳንዶቹ በኋይት ሐውስ አካባቢ ነበሩ። ከደላዌር ኤፍ-94 ጄቶች ተነሱ። ጄቶቹ ሲደርሱ ነጥቦቹ ይጠፋሉ፤ ሲመለሱ እንደገና ይታያሉ። ጁላይ 29 ቀን ሜጀር ጄኔራል ጆን ሳምፎርድ ፔንታጎን ውስጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ትልቁ የተባለውን ጋዜጣዊ መግለጫ ሰጡ። ምክንያቱ የሙቀት መገልበጥ ሳይሆን አይቀርም አሉ። በበጋ ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከታች ያለው አየር ይቀዘቅዝና ሞቃቱ አየር ከላይ እንደ ክዳን ይቀመጣል። የራዳር ሞገድ በዚህ ድንበር ላይ ሲያልፍ ወደ ታች ይጎብጥና መሬት ላይ ያሉ ነገሮችን አየር ላይ ያሉ አስመስሎ ያመጣል። ብዙዎቹን ነጥቦች ይህ ያብራራቸዋል፤ የሲቪል አቪዬሽኑ ቴክኒካዊ ጥናትም ኋላ ላይ ይህንኑ ደግፏል። ሌሊቱን ሙሉ ስክሪኑ ላይ የነበሩት ተቆጣጣሪዎች ግን ሁሉም አልተቀበሉትም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ብዙ ያሳያል። በጃንዋሪ 1953 ሲአይኤ በፊዚክስ ሊቁ ሃዋርድ ሮበርትሰን የሚመራ የሳይንቲስቶች ቡድን ሰበሰበ። ቡድኑ ከጥቂት ቀናት ውይይት በኋላ የደረሰበት መደምደሚያ ነገሮቹ ራሳቸው አደጋ አይደሉም፤ አደጋው የሪፖርቶቹ ብዛት ነው የሚል ነበር። የመገናኛ መስመሮች በዩፎ ወሬ ተጨናንቀው ሳለ እውነተኛ የሶቪየት ጥቃት ቢመጣስ? ስለዚህ የሕዝቡን ጉጉት የሚያበርድ ትምህርት እንዲሰጥ መከሩ። በደኅንነት ዓይን ሲታይ ምክሩ ምክንያታዊ ነው። ለምርመራ ግን መርዝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የብሉ ቡክ ሥራ ማጣራቱን ትቶ ቁጥሩን ወደ መቀነስ አዘነበለ። በጥቂት ሰዎች የሚሠራ ትንሽ ቢሮ ሆኖ ቀረ።

የፕሮጀክቱ አማካሪ የነበሩት የሥነ ፈለክ ተመራማሪው አለን ሃይኔክ በ1966 በሚሺጋን የታዩትን መብራቶች "የረግረግ ጋዝ" ሊሆኑ ይችላሉ ሲሉ አገር ሳቀባቸው፤ በዚያን ጊዜ የሚሺጋን ተወካይ የነበሩት ጄራልድ ፎርድም ኮንግረስ ነገሩን እንዲመረምር ጠየቁ። አየር ኃይሉ ሥራውን ለኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ። በፊዚክስ ሊቁ ኤድዋርድ ኮንደን የተመራው ጥናት በ1969 መጀመሪያ ሲወጣ፣ ለሃያ አንድ ዓመት የተደረገው የዩፎ ጥናት ለሳይንስ የጨመረው ነገር የለም አለ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 17 ቀን ብሉ ቡክ ተዘጋ። በመዝገቡ 12,618 ጉዳዮች ነበሩ፤ 701ዱ ማብራሪያ አላገኙም።

አንድ ሪፖርት እንዴት ይጣራል?

መርማሪ መጀመሪያ የሚፈልገው ሰዓትን፣ ቦታን፣ አቅጣጫንና ከአድማስ በላይ ያለውን ማዕዘን ነው። እነዚህ ካሉ በዚያች ደቂቃ ቬነስ የት እንደነበረች፣ የትኛው ሳተላይት እንዳለፈ፣ የትኛው አውሮፕላን ወደ ማረፊያው እየተቃረበ እንደነበረ፣ የትኛው የሜትሮሎጂ ጣቢያ ፊኛ እንደለቀቀ ማመሳከር ይቻላል። አብዛኛው ሪፖርት እዚህ ላይ ያልቃል።

የሚከብደው የተመልካቹ የራሱ ግምት ነው። "ሃያ ሜትር ያህላል፣ በጣም ይፈጥናል" ሲል ሰው አይዋሽም፤ ነገር ግን ባዶ ሰማይ ላይ ያለን ነገር ርቀት ዓይን ሊያውቅ አይችልም። ርቀቱ ካልታወቀ ደግሞ መጠኑም ፍጥነቱም አይታወቅም። አጠገብህ ያለች ትንሽ ፊኛና ሩቅ ያለ ግዙፍ ነገር ዓይንህ ላይ እኩል ቦታ ሊይዙ ይችላሉ። የሰለጠነ የጦር አብራሪም ከዚህ አያመልጥም።

ካሜራም ያታልላል። በ2015 ከአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ባሻገር በባሕር ኃይል ጄት የተቀረጸና "ጎፋስት" የሚባል ቪዲዮ አለ። ትንሽ ነጭ ነገር ውሃውን ታክካ የምትወነጨፍ ትመስላለች። ስክሪኑ ላይ ግን የጄቱ ከፍታ፣ የካሜራው ማዕዘንና ርቀቱ ተጽፈዋል። ሲሰላ ነገሩ ከባሕሩ በላይ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። በመኪና ስትሄዱ የመንገድ ዳር ዛፍ ከሩቁ ተራራ ፊት እየሮጠ እንደሚያልፍ ሁሉ፣ እዚህም የሚሮጠው በአብዛኛው ጄቱ ነው። የናሳ ገለልተኛ የጥናት ቡድን በ2023 የነገሩን ፍጥነት ሲያሰላ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር አካባቢ አገኘው፤ ነፋስ የሚያስኬደው ፍጥነት ነው።

ከ2004 እስከ ዛሬ

ሁሉም ጉዳይ ግን እንዲህ አይፈታም። ኖቬምበር 14 ቀን 2004 ከሳን ዲዬጎ ባሻገር የኒሚትዝ የጦር መርከቦች ቡድን ልምምድ ላይ ነበር። ፕሪንስተን የተባለችው መርከብ ራዳር ለቀናት እንግዳ ነገሮችን ሲከታተል ቆይቷል። እንዲያጣሩ የተላኩት ኮማንደር ዴቪድ ፍሬቨርና ባልደረቦቻቸው ክንፍም ጭስም የሌለው፣ ሞላላና ነጭ፣ 12 ሜትር የሚገመት ነገር ማየታቸውን መስክረዋል፤ ሲጠጉት በፍጥነት ተሰወረ። በዚያው ቀን ሌላ ቡድን በኢንፍራሬድ ካሜራ ቪዲዮ ቀረጸ። ፔንታጎን ይህንና ሌሎች ሁለት ቪዲዮዎችን በ2020 በይፋ ለቀቀ። የዓይን ምስክሮቹ ከአንድ በላይ ናቸው፣ ራዳርም ነበር፤ ለዚህ ነው ጉዳዩን በቀላሉ የማልጥለው። ይሁንና የራዳሩ ጥሬ መረጃ ለሕዝብ አልቀረበም፣ ቪዲዮው ብቻውን ደግሞ አብራሪዎቹ ያሉትን አያረጋግጥም።

በጁን 2021 የአሜሪካ የስለላ ተቋማት ለኮንግረስ ባቀረቡት ሪፖርት 144 ጉዳዮች ተዘርዝረዋል። በእርግጠኝነት የታወቀው አንዱ ብቻ ነው፤ አየሩ እየወጣ የነበረ ትልቅ ፊኛ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ 143ቱ ተዓምር ናቸው ብሎ ይወስዳል። ሪፖርቱ የሚለው ግን መረጃው በቂ አይደለም ነው። በዚያው ሪፖርት ውስጥ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ አብራሪዎች ከእነዚህ ነገሮች ጋር ለመጋጨት የተቃረቡባቸው 11 አጋጣሚዎች ናቸው። ብዙዎች እንዳይሳቅባቸው ፈርተው ያዩትን ሳይናገሩ ኖረዋል። ድሮንም ይሁን ፊኛ፣ በጄት መንገድ ላይ ያለ ነገር ሰው ይገድላል፤ በአብራሪ ላይ መሳቅ የበረራ ደኅንነት ጉዳይ ነው።

በጁላይ 2022 ፔንታጎን እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን የሚመረምር፣ አሮ የተባለ አዲስ ቢሮ አቋቋመ። በ2023 የቀድሞው የስለላ መኮንን ዴቪድ ግሩሽ ኮንግረስ ፊት በመሐላ ቆሞ መንግሥት ሰው ያልሠራቸው በራሪ አካላትን ደብቋል አለ፤ ራሱ እንዳላየና ከሌሎች እንደሰማም ተናገረ። አሮ በማርች 2024 ከ1945 ጀምሮ ያለውን ታሪክ መርምሮ ባወጣው ሪፖርት እንዲህ ላለው ነገር ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። ከወደቀ የሌላ ዓለም መንኮራኩር የተገኘ ነው የተባለ አንድ የብረት ናሙናም በኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሲመረመር ምድራዊ የማግኒዥየም ቅይጥ ሆነ።

ሌሎች አገሮች የተለያየ መንገድ ይዘዋል። የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴር ከሃምሳ ዓመት በላይ አንድም የአደጋ ምልክት አላየሁም ብሎ የዩፎ ክፍሉን በ2009 ዘጋ፤ ለወታደር ጥያቄ ይህ በቂ መልስ ነው። ፈረንሳይ ደግሞ ሥራውን በ1977 ከጦሩ ይልቅ ቱሉዝ ላለው የጠፈር ማዕከሏ ሰጠች። ዣንዳርሞች (ወታደራዊ ፖሊሶች) ምስክርነት ይቀበላሉ፣ ሳይንቲስቶች ያጣራሉ፣ መዝገቡ በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት ነው። የድሮ ጉዳዮች እንደገና ይታያሉ፤ ያኔ እንቆቅልሽ የነበሩ ብዙዎቹም ዛሬ ተፈትተዋል። ከሁሉም የሚሻለው ይሄኛው ይመስለኛል፤ መርማሪው ከሚደብቀው ነገር ነጻ ነውና።

አሮ በኖቬምበር 2024 ባወጣው ዓመታዊ ሪፖርት ከሜይ 2023 እስከ ጁን 2024 ድረስ 757 ሪፖርቶች እንደደረሱት ገልጿል። የተፈቱት ፊኛ፣ ወፍ፣ ድሮን፣ አውሮፕላን እና የስታርሊንክ ሳተላይቶች ናቸው። 21ዱ ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋሉ ተብሏል። የቀሩት ብዙዎቹ ለመመርመር የሚበቃ መረጃ የሌላቸው ናቸው። ቢሮው ይህን ለማስተካከል "ግሬምሊን" የተባለ፣ ራዳርና የተለያዩ ካሜራዎችን ያጣመረ መሣሪያ አሠርቶ በቴክሳስ ሞክሮታል። ለ90 ቀናት አንድ ቦታ ተተክሎ የሚሰበስበው እንግዳውን ብቻ ሳይሆን የተለመደውን ሁሉ ነው፤ በዚያ ሰማይ ላይ በየሰዓቱ የሚያልፈው ወፍ፣ ፊኛ፣ አውሮፕላንና ሳተላይት ምን እንደሚመስል፣ ስንት እንደሆነና እንዴት እንደሚንቀሳቀስ።